የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን፦ ስለ ሕንፃውና ስለ ንዋየ ቅድሳቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ጥያቄዎቹም ከቀላሉ ተነሥተው ወደ አከራካሪው ይሄዳሉ።

አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ከካቴድራል በምን ይለያል?

ካቴድራል የጳጳሱ መንበር ያለበት ነው። አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የአንድ መንደር ወይም የአንድ ሰፈር ሰው የሚጠመቅበት፣ የሚጋባበት፣ የሚቀበርበትና ዐሥራቱን የሚያገባበት ነው። ልዩነቱ የስፋት ጉዳይ አይደለም። በሱፍ ጨርቅ ንግድ የበለጸገችው ትንሿ የሰፎክ ከተማ ላቨናም ለአጥቢያዋ 43 ሜትር የሚሆን ግንብ አቁማለች። በመካከለኛው ዘመን ከተሠሩት የእንግሊዝ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ከ8,000 በላይ የሚሆኑት ዛሬም አሉ።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ልብ ሊባል ይገባል። ዛሬ የምንገባበት ቤት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በፕሮቴስታንት ተሐድሶ ጊዜ፣ ዕቃው ወጥቶ፣ ሥዕሉ በኖራ ተሸፍኖ የቀረ ቤት ነው። ስለዚህ የቀረውን ብቻ ሳይሆን የተነሣው ነገር ጥሎት የሄደውን ጠባሳ ማንበብ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ የሚያተኩሩት በዚሁ ጠባሳ ላይ ነው።

ዋና ዋና ክፍሎቹ ምንድን ናቸው? ለምንስ ወደ ምሥራቅ ይዞራል?

ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ የሚለውን አከፋፈል ለለመደ ሰው የእንግሊዙ ይቀልለዋል፤ መሠረቱ ሁለት ክፍል ነው። በምዕራብ በኩል ሕዝቡ የሚቆምበት ሰፊ አዳራሽ አለ፣ ኔቭ ይሉታል። በምሥራቅ በኩል ካህናቱ የሚያገለግሉበትና መሠዊያው የሚቆምበት ጠበብ ያለ ክፍል አለ፣ ቻንስል ይሉታል፤ ከዚህ በታች መቅደስ የምንለው እርሱን ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ትልቅ ቅስት ነው። በምዕራቡ ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ የደወል ግንብ አለ፤ ሕዝቡ የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ በደቡብ በኩል ባለው ደጀ ሰላም መሰል በረንዳ ነው።

ሕዝብ ሲበዛ አዳራሹ ወደ ጎን ይሰፋል። የጎኑ ግድግዳ በቅስትና በዓምድ ይተካና ከዚያ ወዲያ አይል የሚባል ተጨማሪ ክፍል ይሠራል። ይህ ውስጡን ስለሚያጨልመው ከቅስቶቹ በላይ ያለው ግድግዳ ከፍ ተደርጎ ሌላ ረድፍ መስኮት ይወጣለታል። ወደ ምሥራቅ መዞሩ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ጸሎት ወደ ፀሐይ መውጫ የሚደረገው የጌታ ዳግም ምጽአት ከዚያ ይጠበቃል በሚል ጥንታዊ ትውፊት ነው።

ማን ያሠራው ነበር? ማንስ ያድሰው ነበር?

ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕጉ ግልጽ ነው። የሕዝቡን አዳራሽ የሚያሠራውና የሚጠግነው ሕዝቡ ሲሆን፣ መቅደሱን ደግሞ ዐሥራቱን የሚቀበለው ሰው ወይም ገዳም ነው። በብዙ ቦታ አዳራሹ ሰፊና የተጌጠ፣ መቅደሱ ግን ዝቅ ያለና አሮጌ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሩቅ ያለ ገዳም ዐሥራቱን እየሰበሰበ ጥገናውን ችላ ይላል፤ መንደርተኛው ግን ከጎረቤት መንደር ጋር እየተፎካከረ ግንብ ያስረዝማል።

ግዴታው ከመሬት ጋር ተያይዞ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ኖሯል። በ2003 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በዎሪክሻየሯ አስተን ካንትሎ መንደር ጉዳይ ላይ ሲፈርድ፣ የመቅደስ ጥገና ዕዳ ያለበትን መሬት የያዙ ሰዎች ወጪውን እንዲሸፍኑ ወስኗል። በመካከለኛው ዘመን የተጻፈ ሥርዓት እስከ 21ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ኪስ ሲነካ ማየት ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያሳያል።

የተሠራበትን ዘመን በምን ማወቅ ይቻላል?

ዛሬ የምንጠቀምባቸውን የዘመን ስሞች ያወጣው እንግሊዛዊው አርክቴክት ቶማስ ሪክማን ነው፣ በ1817። ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙበት ከ1066 በፊት ያለው አንግሎ ሳክሰን ይባላል። እስከ 1190 ገደማ ያለው ኖርማን ነው፤ ቅስቱ ግማሽ ክብ፣ ዓምዱ ወፍራም፣ የበሩ ዙሪያ እንደ መጋዝ ጥርስ በተቀረጸ ጌጥ የተሞላ ነው። ከ1190 እስከ 1250 ድረስ መስኮቱ ቀጭን፣ ረጅምና ጫፉ ሹል ይሆናል። ከ1250 እስከ 1350 ባለው መስኮቱ ሰፍቶ በላይኛው ክፍል ድንጋዩ እንደ ቅጠልና እንደ ነበልባል ይጣመማል። ከ1350 እስከ 1540 ድረስ ደግሞ የመስኮቱ የድንጋይ ዘንጎች ቀጥ ብለው እስከ ቅስቱ ይወጣሉ፣ ቅስቱም ጠፍጠፍ ይላል። ጥቁሩ ሞት በ1348 እና 1349 ሕዝቡንም ግንበኛውንም ከፈጀ በኋላ የተስፋፋው ይህ የመጨረሻው ስልት ነው።

ጀማሪዎች የሚሳሳቱት መስኮት አይተው ሕንፃውን በሙሉ በዚያ ዘመን ሲያስቀምጡ ነው። መስኮት ከግድግዳ ይልቅ ቶሎ ይለወጣል፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም በብዛት ተተክቷል። የኖርማን በር ደግሞ ስለሚወደድ ግድግዳው ሲፈርስ ድንጋይ በድንጋይ ተነቅሎ በአዲሱ ግድግዳ ላይ ይተከል ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያ የሕንፃውን ማዕዘን ይመልከቱ፤ አንዱ ድንጋይ ቆሞ ቀጣዩ ተጋድሞ እየተፈራረቀ ከወጣ፣ በኖርዝሃምፕተንሻየር ኧርልስ ባርተን ግንብ ላይ እንደሚታየው፣ የሳክሰን ሥራ ነው። ቀጥሎ የግድግዳውን ውፍረት በመስኮት በኩል ይለኩ፤ የሳክሰን ግድግዳ ብዙ ጊዜ ከ90 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፣ የኖርማኑ ይበልጣል። ከዚያ ወደ ግንቡ ምሥራቃዊ ፊት ቀና ይበሉ። የድሮው ጣሪያ ያረፈበት ሰያፍ መስመር ከዛሬው ጣሪያ በላይ ቀርቶ ከታየ፣ አዳራሹ በአንድ ወቅት ሹል ጣሪያ እንደ ነበረው ያረጋግጣል።

ከምን ይሠራ ነበር? አንዳንድ ግንቦች ክብ የሆኑትስ ለምንድን ነው?

ከአቅራቢያው በሚገኘው ነገር። በኮትስዎልድ ማር የመሰለ የኖራ ድንጋይ፣ በኮርንዎል ግራናይት፣ በኖርፎክና በሰፎክ ባልጩት። በደረሃም አውራጃ የምትገኘው የ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመኗ ኤስኮም በአቅራቢያዋ ከነበረ የሮማውያን ምሽግ በተነቀለ ድንጋይ ተገንብታለች፤ በኤሴክስ ያለችው ግሪንስቴድ ደግሞ ለሁለት በተሰነጠቀ የኦክ ግንድ የቆመች ናት።

ክብ ግንቦቹ 180 ያህል ሲሆኑ አብዛኞቹ ኖርፎክ ውስጥ ናቸው። የተለመደው መልስ ‹‹ባልጩት ትንሽና ድቡልቡል ስለሆነ ማዕዘን አይወጣለትም›› የሚል ነው። ይህ ብቻውን አያሳምንም፤ ከግንቡ ጋር የተያያዘው አዳራሽ ራሱ በባልጩት ተሠርቶ አራት ማዕዘን አለውና። በሰሜን ባሕር ማዶ በሰሜን ጀርመንም ተመሳሳይ ግንቦች ስላሉ፣ የድንጋዩ ዓይነትና የአካባቢው ምርጫ አብረው የወሰኑት ይመስላል።

የጥምቀት ገንዳው ለምን በር አጠገብ ይቆማል? ክዳኑ ላይስ ለምን የቁልፍ ምልክት አለ?

ጥምቀት ወደ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ ስለሆነ ገንዳው በምዕራብ በኩል፣ ከበሩ ብዙም ሳይርቅ ይቀመጣል። ሕፃኑ ውስጥ ስለሚነከር ጎድጓዳና ሰፊ ነው፤ ውስጡ ውኃ እንዳያሰርግ በእርሳስ ይለበጣል፣ ከሥሩም ውኃውን በቀጥታ ወደ መሬት የሚያወርድ ቀዳዳ አለው። የተባረከው ውኃ ለረጅም ጊዜ ገንዳው ውስጥ ይቆይ ስለነበር ሰዎች ለጥንቆላ እንዳይቀዱት ክዳኑ እንዲቆለፍ በ1236 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ኤድመንድ አዘዙ። ዛሬ በጠርዙ ላይ ሁለት ቦታ የተሰበረ ወይም በሌላ ድንጋይ የተጠገነ ምልክት ካዩ፣ የቁልፉ ብረት የተነቀለበት ነው።

ክዳኑ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ራሱን የቻለ የእንጨት ጥበብ ሆነ። በሰፎክ ያለው የአፈርድ ክዳን ከ5 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ የታችኛው ክፍሉ በላይኛው ላይ እየተንሸራተተ ስለሚወጣ ሙሉውን ማንሳት ሳያስፈልግ ገንዳው ይከፈታል። በዚሁ በምሥራቅ እንግሊዝ 40 ያህል ስምንት ገጽ ያላቸው ገንዳዎች አሉ፤ በሰባቱ ገጾች ላይ ሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን ተቀርጸዋል፣ በስምንተኛው ላይ ብዙ ጊዜ ስቅለት ወይም የጌታ ጥምቀት አለ። በብዙዎቹ የምስሎቹ ፊት በመዶሻ ተመትቶ ጠፍቷል።

ሕዝቡ ተቀምጦ ነበር ወይስ ቆሞ የሚያስቀድሰው?

ለረጅም ዘመን ቆሞና ተንበርክኮ። ሽማግሌና ሕመምተኛ በግድግዳው ሥር በተሠራ የድንጋይ መደብ ላይ ያርፍ ነበር፤ ይህ መደብ በአንዳንድ ቦታ ዛሬም አለ። በሰሪ የምትገኘው የደንስፎልድ አግዳሚዎች ከ1300 ገደማ ናቸው የሚባሉና እጅግ ብርቅ ናቸው። አግዳሚ በብዛት የተለመደው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ጫፉ በምሥራቅ እንግሊዝ በቅጠል ቅርጽ ወደ ላይ ይሾላል፣ በሰመርሴት ደግሞ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቀረጻል። በር ያላቸው ሣጥን መሰል መቀመጫዎች ከመካከለኛው ዘመን አይደሉም፤ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡ ናቸው።

በሕዝቡና በመቅደሱ መካከል ምን ነበር?

በእኛ ዘንድ መጋረጃ የሚሠራውን ሥራ በከፊል የሚሠራ የእንጨት ግርዶሽ ነበር፤ ሩድ ስክሪን ይባላል። ሩድ ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን መስቀል ማለት ነው። የታችኛው ክፍሉ ድፍን ሣንቃ ሆኖ ቅዱሳን ይሣሉበታል። የላይኛው ክፍል ክፍት ዘንግ ስለሆነ ሕዝቡ ካህኑ ሥጋ ወደሙን ከፍ ሲያደርግ ማየት ይችላል። ከግርዶሹ አናት ላይ ሰው የሚቆምበት ሰገነት አለ፤ ከሰገነቱ በላይ ደግሞ የተሰቀለው ጌታ፣ በቀኙና በግራው ድንግል ማርያምና ዮሐንስ በትልልቅ የእንጨት ቅርጽ ይቆማሉ። ሻማው፣ ወርቁና ቀለሙ ሁሉ የሚያተኩረው እዚያ ነው።

መስቀሎቹ በ1540ዎቹ መጨረሻ ተወገዱ፤ በንግሥት ሜሪ ዘመን ለጥቂት ዓመታት ተመልሰው እንደገና ወረዱ። በ1561 የንግሥት ኤልሳቤጥ ትእዛዝ ሰገነቱ እንዲፈርስ፣ ግርዶሹ ግን ሕዝቡንና መቅደሱን የሚለይ ሆኖ እንዲቀር ወሰነ። የታችኛው ክፍል በብዛት ተርፎ የሰገነቱ እጅግ ጥቂት የሆነው በዚህ ትእዛዝ ነው። በኖርፎክ የራንወርዝ ግርዶሽ ሥዕሉ ከሞላ ጎደል ተርፏል፤ በዮርክሻየር ሸለቆ ውስጥ ያለችው ሃበርሆልም ደግሞ በ1558 የተሠራ ሰገነቷን እስካሁን ይዛለች።

ግርዶሹ ጨርሶ የጠፋበት ቤት ከገቡ በመቅደሱ ቅስት አጠገብ ያለውን ግድግዳ ይፈትሹ። ሰው የማይደርስበት ከፍታ ላይ ያለች፣ ወደ የትም የማትወስድ ትንሽ በር ካለች የሰገነቱ መውጫ ናት፤ ከሥሯም በግድግዳው ውፍረት ውስጥ የተቆፈረ ጠባብ ደረጃ ይኖራል። በቅስቱ ድንጋይ ላይ ፊት ለፊት የተቆረጡ ጎድጎዶች ደግሞ አግዳሚው ግንድ ያረፈባቸው ናቸው።

በመቅደሱ ደቡብ ግድግዳ ላይ ያለው የድንጋይ ሳህንና መቀመጫ ምንድን ነው?

ሳህን የመሰለው ፒሲና ነው፤ ካህኑ እጁንና ጽዋውን ያጠበበት ውኃ በቀዳዳው ወደ ተቀደሰ መሬት ይወርዳል እንጂ ውጭ አይደፋም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አንዱ ለእጅ፣ ሌላው ለጽዋ ሆኖ ጥንድ ተደርጎ ይሠራ ነበር። በኋላ ካህኑ የጽዋውን እጣቢ ራሱ እንዲጠጣ ስለተደረገ አንዱ በቃ። ስለዚህ ጥንድ ፒሲና ካገኙ ዘመኑን በግማሽ መቶ ዓመት ልዩነት መገመት ይችላሉ፤ ከብዙ መስኮት የተሻለ ምስክር ነው። በአዳራሹ ጎን ክፍል ውስጥ ለብቻው የተገኘ ፒሲና ደግሞ እዚያ ቦታ ሌላ መሠዊያ እንደ ነበረ ይናገራል።

ከጎኑ ያሉት ሦስት መቀመጫዎች የካህኑ፣ የዲያቆኑና የንፍቅ ዲያቆኑ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ወደ ምሥራቅ እንደ ደረጃ ከፍ እያሉ ይሄዳሉ። በሰሜን ግድግዳ ያለው የማጠፊያ ብረት ቀዳዳ የቀረበት ካዝና መሰል ጉድጓድ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። በዚያው በሰሜን በኩል የተጌጠ ትልቅ ጉድጓድ ካለ የትንሣኤው መቃብር ሊሆን ይችላል፤ በስቅለት ዕለት ቅዱስ ቁርባኑና መስቀሉ ይቀበሩበት፣ ሰዎች ሌሊት ይጠብቁት፣ በትንሣኤ ማለዳ ይወጣበት ነበር። በሊንከንሻየር ሄኪንግተን ያለው ከሥሩ የተኙ ወታደሮች ተቀርጸውበታል።

ግድግዳው እንዲህ ባዶ ነበር? ሥዕሉስ እንዴት ተረፈ?

ባዶ አልነበረም። የሻካራ ድንጋዩ ግድግዳ በኖራ ተለስኖ በቀይና በቢጫ አፈር፣ በከሰልና በኖራ ነጭ ይሣል ነበር። በመቅደሱ ቅስት ላይ የመጨረሻው ፍርድ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ደግሞ ሰው ሲገባ እንዲያየው ግዙፉ ቅዱስ ክሪስቶፎር መኖሩ የተለመደ ነው። በሰሪ ቻልደን የሚገኘው ከ1200 ገደማ የሆነው ሥዕል ነፍሳት በመሰላል ሲወጡና ሲወድቁ ያሳያል። የእንግሊዝ ሥዕል አብዛኛው በደረቀ ልስን ላይ የተሣለ ነው፤ ቀለሙ ወደ ልስኑ ስላልገባ በትንሽ ንክኪ ይረግፋል፣ ስለዚህ በጨርቅ መጥረግ በጭራሽ አይገባም።

ሥዕሉን ያዳነው ሊያጠፋው የተቀባው ኖራ ነው። በሰፎክ የዌንሃስተን ታሪክ ይህን ያሳያል፤ በ1892 እድሳት ጊዜ በኖራ የተሸፈኑ አሮጌ ሣንቃዎች ወደ ቅጽሩ ተጣሉ፣ ሌሊት የዘነበው ዝናብ ኖራውን ሲያጥበው የመጨረሻው ፍርድ ሥዕል ብቅ አለ። በመስኮት በኩል ደግሞ የግሎስተርሻየሯ ፌርፈርድ ብቻዋን ትቆማለች፤ በ1500 ገደማና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የተሠሩት 28 ባለቀለም መስኮቶቿ ሙሉውን ቅደም ተከተል እንደ ያዙ ናቸው።

‹‹የለምጻሞች መስኮት››፣ ‹‹የሰይጣን በር›› እና ‹‹ያዘነበለ መቅደስ›› የሚባለው እውነት ነው?

በየበሩ በተለጠፈ ማብራሪያ ላይ ቢገኝም አብዛኛው አያስኬድም። በመቅደሱ ደቡብ ግድግዳ ዝቅ ብሎ ያለው ትንሽ መስኮት ለለምጻሞች አልተሠራም፤ ለምጻሞች ወደ አጥቢያ ቅጽር እንዲቀርቡ አይፈቀድላቸውም ነበርና። ጥቅሙ ገና ያከራክራል፤ በቅዳሴ ጊዜ ትንሽ ደወል ወደ ውጭ ለማሰማት ነው የሚለው ከሁሉ ይሻላል። የሰሜኑ በር ለዑደት መውጫ ያገለግል ነበር፤ ዑደቱ ሲቀርና ብርድ ሲያስቸግር ተደፈነ። ከአዳራሹ መስመር ጥቂት ያዘነበለ መቅደስም የክርስቶስን ዘንበል ያለ ራስ ለማሳየት የታሰበ አይደለም፤ መቅደሱ በሌላ ዘመን እንደገና ሲሠራ አሮጌው ሕንፃ ቆሞ መስመር መዘርጋት ስለሚያስቸግር የመጣ ስሕተት ነው።

ሁሉንም ጥፋት በአንድ ሰው ላይ መጫንም ልማድ ሆኗል። የፒዩሪታኑ ምስል ሰባሪ ዊልያም ዳውሲንግ በ1643 እና 1644 በካምብሪጅሻየርና በሰፎክ ከ250 በላይ አብያተ ክርስቲያናትን እየዞረ ምስል አስፈርሷል፣ ይህ የተረጋገጠ ነው። ነገር ግን በብላይዝበርግ ጣሪያ ባሉት የእንጨት መላእክት ላይ የተገኙት የእርሳስ ጥይቶች በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወፍ ለማባረር ከተተኮሱት ናቸው። ብዙ የመላእክት ጣሪያ የተረፈው ከፍታው ስለረዳው ነው፤ በካምብሪጅሻየር ማርች ከተማ ወደ 120 የሚጠጉ መላእክት ዛሬም ክንፋቸውን ዘርግተዋል።

ግድግዳው ይረጥባል፣ ድንጋዩም ይፈረፈራል። ሲሚንቶ ቢቀባ አይሻልም?

አይሻልም፤ በእነዚህ ሕንፃዎች ላይ ከደረሱት ጉዳቶች ብዙዎቹ የመጡት ከዚህ ቅን ሐሳብ ነው። የድሮው ግድግዳ ውኃ ይጠጣል፣ መልሶ ደግሞ በኖራው መጋጠሚያ በኩል ይተነፍሳል። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲደፈን እርጥበቱ መውጫ ያጣና በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ጨው ይዞ ይመጣል፣ በብርዱ ወራት በረዶ ይሆናል፣ የድንጋዩ ፊት ተቀርፎ ይወድቃል። ሲሚንቶው ሳይነካ ወደ ውጭ ቀርቶ ድንጋዩ ወደ ውስጥ የተበላ ግድግዳ ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ‹‹ድንጋዩ ይታይ›› ተብሎ የውስጥ ልስኑ ከነሥዕሉ በየቦታው ተፋቀ፤ የጥበብ ሰውና ጸሐፊው ዊልያም ሞሪስና ጓደኞቹ በ1877 የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን ያቋቋሙት ይህን ለመቃወም ነበር።

መፍትሔው ከላይ ይጀምራል። አሸንዳና መውረጃ ቱቦ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ቅጠል ረግፎ ካለቀ በኋላ ይጠረጋል። ከዚያ የውጭው መሬት ይለካል፤ ለዘመናት ሲቀበርበት የኖረ ቅጽር ብዙ ጊዜ ከውስጥ ወለሉ ከፍ ብሎ ይገኛል፣ ውኃውንም ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። የውኃ መውረጃ ቦይ መቆፈር ይቻላል፣ ነገር ግን አፅምና የቀድሞ መሠረት ስለሚገኝበት የአርኪዮሎጂ ባለሙያ መኖር አለበት፤ ለእንዲህ ያለ ሥራም ከሀገረ ስብከቱ ‹‹ፋከልቲ›› የሚባል የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቃል። ሲሚንቶው የሚነሣው በእጅ መሮና በመዶሻ ነው፤ የኤሌክትሪክ መቁረጫ የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል። የሚተካው ብዙውን ጊዜ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ ሻካራ አሸዋ ነው። ውርጭ ባለበት ወራት አይሠራም፤ ከተሠራም በኋላ በፍጥነት እንዳይደርቅ ለቀናት በረጠበ ጆንያ ይሸፈናል። ግድግዳው ከዚህ በኋላ በአንድ ወቅት አይደርቅም፤ ወፍራም ግድግዳ ዓመታት ይወስዳል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ውስጡን በፕላስቲክ ቀለም መሸፈን ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።